እምቦጭ፣ ደንገልና የአንድ ቀን ዘመቻችን



ባለፈው ሴሚስተር በውኃ አቅርቦት ኮርስ ላይ መምህራችን ስለ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ባለ ዛጎል ፍጥረት ነገሩን። ዚብራ መስል ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ዛጎሏ እንደ ሜዳ አህያ መስመር ስላለው ነው። የትውልድ አገሯ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር አካባቢ ነው። መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሆዳቸው ይዘውት በሚጓዙት ውኃ ውስጥ ሆና ውቅያኖስ ተሻገረች፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባለው የሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ሐይቆች የውኃ መሳቢያ ቱቦዎች ውስጥ እየተደራረበች ትዘጋቸዋለች። ለከተሞችና ለኃይል ማመንጫዎች እሷን ማስወገድ የዘወትር ወጪ ሆኖ ቀርቷል።

ከመካከላችን አንዱ የሞጣ ልጅ «እንኳን የባሕር ዛጎል የባሕር ሽታም አናውቅ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። መምህራችን ግን አልሳቁም። «እምቦጭስ?» አሉን።

ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ከሞጣና ከቢቸና አካባቢ የመጣን የምህንድስና ተማሪዎች ስንሆን፣ ሁላችንም በልጅነታችን ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ መድረሳ እየተመላለስን ያደግን ነን። እምቦጭን በዜና ሰምተነዋል፤ አንድ ቀንም ሄደን በእጃችን ነቅለነዋል። ያን ቀን ያደረግነውን ስናስበው ግን ዛሬ ትንሽ እናፍራለን። ለምን እንደምናፍር ከመናገራችን በፊት ስለ አረሙ ጥቂት እንበል።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቅጠሉ አረንጓዴና ወፍራም፣ የቅጠሉ እጀታ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው። አበባው ደግሞ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያምር ነው። ዓለምን ያዳረሰውም በዚሁ ውበቱ ነው፤ ሰዎች ለግቢ ኩሬ ጌጥ እያሉ ከአገር አገር ወሰዱት። አሜሪካ ውስጥ በሉዊዚያና ወንዞቹን ሸፍኖ ጀልባ አላስኬድ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ሮበርት ብሩሳርድ የተባሉ የምክር ቤት አባል ከአፍሪካ ጉማሬ አስመጥተን አረሙን እናስበላው፣ ሥጋውንም እንብላው የሚል ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ረቂቁ አልጸደቀም። የጣና ጉማሬዎች ጉዳዩን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር ብለን ስቀናል፤ ከነሱ ጋር እምቦጩም አብሮ አለና።

ወደ አገራችን የገባበት ጊዜ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ ተመዝግቧል። በጣና ላይ በይፋ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ የያዘውም የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለውን ነው። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዳርቻው ደግሞ በእግር የሚገባበት ነው። ዓሣው የሚራባው፣ ከብቱ የሚጠጣው፣ ታንኳው የሚነሳው ከዚያ ነው። እምቦጩም የሚወደው ያንኑ ቦታ ነው።

አረሙ በውኃው ላይ ምንጣፍ ሆኖ ሲተኛ ብርሃን ወደታች አይገባም፤ ከሥሩ የሚበሰብሰው ቅጠል ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ቆረሶውና አምባዛው ይሸሻሉ ወይም ይሞታሉ። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት በዚሁ ዳርቻ በኩል ነው። መረብ የሚጥለው ሰው መረቡን ሲስብ የሚያወጣው አረም ነው። ትንኝና የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣም ከሥሩ ይመቻቸዋል።

አሁን ወደ አንድ ቀን ዘመቻችን እንምጣ። በአንድ አውቶቡስ ተጭነን፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ሄድን። ከጠዋት እስከ ዙሁር ጭቃ ውስጥ ቆመን ነቀልን። ኢኽላሱን አላህ ያውቃል፤ ድካሙ ግን እውነተኛ ነበር። የነቀልነውን ከውኃው ጠርዝ ሦስት አራት እርምጃ ርቀን ከመርነው፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሶላታችንን ሰግደን ተመለስን። በሳምንቱ ዝናብ መጣ። ክምሩ ተመልሶ ውኃው ውስጥ መግባቱን የነገረን እዚያው የሚኖር አንድ አርሶ አደር ነው። በስልክ ሲነግረን ወቀሳ በሌለው ድምፅ ነበር፤ «እናንተ ምን ታደርጉ፣ ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው» አለን። ይበልጥ ያሳፈረን ይህ አነጋገሩ ነው።

በኋላ ዶርም ውስጥ ተቀምጠን ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን ሠራነው። እምቦጭ ሲመቸው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በ15 ቀን እንበል። አንድ ሄክታር በ15 ቀን 2፣ በወር 4፣ በሁለት ወር 16 ይሆናል። በስድስት ወር 12 ጊዜ ይታጠፋል፤ ያም 4,096 ሄክታር ነው። ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ ሐይቁ ላይ ማዕበል አለ፣ ቅዝቃዜ አለ፣ ቦታውም ያልቃል። ነገር ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም ትልቁ የአንድ ወር ዘመቻ ሲጀመር ሐይቁ ላይ ነበር የተባለው ከ4 ሺህ ሄክታር በላይ እንደነበር ስናስታውስ ወረቀቱ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም።

አሁን ሒሳቡን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንየው። ዘጠና በመቶውን ነቅለን አሥር በመቶ ብንተው፣ የተተወው ወደነበረበት ለመመለስ ሦስት ጊዜ ከምናምን መታጠፍ ብቻ ይበቃዋል። ሃምሳ ቀን ገደማ ማለት ነው። ዘጠና በመቶ ነቀልን ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው በሃምሳ ቀን ውስጥ ተመልሶ ካልመጣ ያጨበጨበው ለምንም ነው። ሁሉም ቢነቀል እንኳ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። እኛ የሄድነው በዓመት አንድ ቀን ነበር።

ክብደቱም ሌላ ጉድ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ እምቦጭ በሄክታር 200 ቶንና ከዚያም በላይ ይመዝናል። 5 ቶን በሚጭን አይሱዙ 40 ምልልስ ለአንድ ሄክታር ማለት ነው። ከዚህ ክብደት ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ስለዚህ ከውጭ የተገዙትም፣ እዚህ በዩኒቨርሲቲዎችና በአገር ልጆች የተሠሩትም ማጨጃ ማሽኖች ችግራቸው ማጨዱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የታጨደውን ማን ያውጣው፣ የት ይድረቅ፣ በምን ይጓጓዝ የሚለው ነው። ከእኛ መካከል የሜካኒካል ተማሪዎች ማሽን መንደፍ ይወዳሉ። ማሽኑ ከመነደፉ በፊት ግን የመኪናውና የማድረቂያው ሒሳብ ቢሠራ እንመርጣለን።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መንቀል ነው። ዋናው ጉዳያችን ግን ሌላ ነው፤ እምቦጩን የሚመግበው ማን ነው?

እምቦጭ በንጹሕ ውኃ ላይ እንዲህ አይሰባም። የሚበላው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እነዚህ ደግሞ ወደ ሐይቁ የሚገቡት በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በክረምት ከተራቆተው ማሳ ከአፈርና ከማዳበሪያ ጋር በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በግልገል አባይ ታጥቦ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ከከተሞች የሚወጣው የሽንት ቤትና የሳሙና ፍሳሽ ነው። እኛም ከተማ ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች ነን፤ ከዶርማችን የሚወጣው ፍሳሽ የት እንደሚደርስ ጠይቀን አናውቅም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የሚረገምባቸው ብለው ካስጠነቀቋቸው ሦስት ነገሮች አንዱ በውኃ መቅጃ ቦታ መጸዳዳት እንደሆነ መድረሳ ያልተማረ የለም። ኡስታዛችን ይህን ሲያስተምሩን በዓይነ ልቦናችን የምናየው አንድ ሰው ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። አንድ ከተማ ሙሉ በቱቦ ሲያደርገው ፍርዱ ይቀላል ያለን ግን የለም።

በፊት በማሳውና በሐይቁ መካከል አንድ ጠባቂ ነበር፤ ደንገል። ደንገል በዳርቻው ረግረግ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ጎርፉ በደንገሉ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፈረሱን ደንገሉ ይወስደዋል። በእኛ ቋንቋ ማጣሪያ ነው፤ ያውም ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ፣ አላህ ያለ ክፍያ የሰጠን። ይህ ረግረግ ባለፉት አሥርት ዓመታት ተመነጠረ። ውኃው በበጋ ሲሸሽ መሬቱ ይታረሳል፣ ሩዝና ሌላ ሰብል ይዘራበታል፣ የቀረውን ከብት ይግጠዋል። ደንገሉ በሄደበት ጎርፉ ከነማዳበሪያው በቀጥታ ይገባል፤ ባዶ የቀረውን ዳርቻ እምቦጩ ይይዘዋል። አንዱ ተክል ስለወጣ ሌላው ገባ ብንል ነገሩን ብዙም አላቀለልነውም።

እዚህ ላይ ጀማዓችን በተለይ እንዲሰማን እንፈልጋለን። በጣና ዳርቻ በደንገል የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ታንኳውን የሚሠሩት፣ ሰፌዱንና ምንጣፉን ከደንገል የሚያበጁት፣ ዓሣ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ሙስሊሞች ናቸው። ለረጅም ዘመን ከጎረቤታቸው ሁሉ፣ ከሌላው ሙስሊምም ጭምር፣ ሲገለሉ የኖሩ ናቸው። በጥንት ጊዜ ጉማሬ ያድኑ ስለነበር «ሥጋ የማይለዩ» እየተባሉ ማዕድ የሚጋራቸው፣ ልጁን የሚድርላቸው አልነበረም። ብዙዎቹ የሚያርሱት መሬት የላቸውም። ያላቸው ሐይቁና ደንገሉ ነበር። ደንገሉ ሲመነጠር ማንም አላማከራቸውም፤ እምቦጩ ሲመጣ ደግሞ ዓሣውም ራቀ። ባሕር ዳር ለሽርሽር ሄዶ በታንኳ ፎቶ ያልተነሳ ተማሪ ጥቂት ነው። ታንኳውን የሠራው ሰው ስሙ ማን ነው፣ ልጆቹ ይማራሉ ወይ፣ የሚሰግደው የት ነው ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? እኛ ያን ቀን ለዘመቻ ሄደን ስንመለስ አንድም የወይጦ ቤት አልገባንም። መንገዱ ላይ ነበሩ።

ይህን ስንጽፍ አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሱትን እናውቃለን። የመጀመሪያው «ይህ የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፣ የጀማዓ ሥራ ደዕዋና ሐላቃ ነው» የሚል ነው። ግማሹ ልክ ነው። የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ በሰደቃ ሣጥን አይሠራም፤ የክልሉ መንግሥት ለጣናና ለሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃ ያቋቋመው ኤጀንሲ አለ፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ግን ሐላቃችን ላይ ምን እንደምንቀራ እናስታውስ። በሻፊዒይ መዝሀብ ጀማሪ ልጅ የሚቀራው ኪታብ የሚጀምረው በጠሃራ ነው፤ ጠሃራ ደግሞ የሚጀምረው ውኃዎችን በመቁጠር ነው፤ የሰማይ ውኃ፣ የባሕር፣ የወንዝ፣ የጉድጓድ፣ የምንጭ፣ የውርጭ በረዶና የዝናብ በረዶ። ሰባቱን በጣታችን እየቆጠርን የሸመደድነው ስለ ሶላት አንዲት ቃል ከመማራችን በፊት ነው። ዲን የተማርነው ከውኃ ተነስተን ከሆነ ስለ ውኃ መናገር ከሐላቃ ውጭ ነው የሚለው ክርክር አይገባንም።

በዚያው ባብ ውስጥ ውኃ በውስጡ በሚበቅል አረንቋ ቢለወጥ ውዱእ ያስኬዳል ወይ የሚል መስአላ አለ። ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ውኃውን ከሱ መጠበቅ አይቻልምና። አንዱ ጓደኛችን ይህን ይዞ «ስለዚህ በእምቦጭ ሥር ባለ ውኃ ውዱእ ማድረግ ይቻላል፣ ምን አስጨነቀን?» ብሎ አስቆናል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን የፍርዱ ምክንያት ውኃውን መጠበቅ አለመቻሉ ነው፤ የእምቦጩን ምግብ ማስቀረት ደግሞ ይቻላል። ፊቅህ ላይ ዒላውን ትቶ ሑክሙን ብቻ የሚይዝ ሰው ምን እንደሚባል ኡስታዞቻችን ነግረውናል።

ከዚህ ሁሉ ለጣና ይበልጥ የሚቀርበው የሐሪም መስአላ ነው። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ሌላው የማይቆፍርበት፣ የማያጥርበት የተከበረ ክልል አለው። ወንዝም ምንጭም ሐሪም አላቸው። መዝሀቦቹ በክንድ ብዛት ይለያያሉ፤ ውኃ ዙሪያው ካልተከበረ ውኃ ሆኖ አይቆይም በሚለው ግን ይስማማሉ። ዛሬ ባለሙያዎች ከጣና ጠርዝ የተወሰነ ርቀት አይታረስ፣ አይገንባበት፣ ደንገል ይመለስበት የሚሉት ሐሳብ ይኸው ነው። በዚህ ላይ በዓመት አንድ ጁምዓ እንኳ ኹጥባ ቢደረግ፣ በፎገራም በባሕር ዳርም በሞጣም፣ ከአንድ አውቶቡስ ተማሪ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለናል። ኹጥባው የሱረቱ ሩምን 41ኛ አንቀጽ ጠቅሶ እዚያው ካላቆመ ነው ታዲያ። ያን አንቀጽ ስለ አካባቢ በተነሳ ቁጥር እናነባለን፤ አንብበን ግን ማሳው የት ላይ ይቁም፣ ፍሳሹ የት ይሂድ የሚለውን አንናገርም።

ክልሉን ማስከበር ግን በዳርቻው የሚያርሰውን ድሃ አባርሮ መሆን የለበትም። ያ ሰው ሩዙን የሚዘራው ልጆቹን ለማብላት ነው። መሬቱ ሲከለል ምን ይሰጠዋል የሚለው ካልተመለሰ ሐሪሙ ዙልም ይሆናል። ይህን የምንለው ራሳችን የገበሬ ዘመድ ስላለን ብቻ አይደለም፤ ያልተካሰ ገበሬ ችካሉን በሌሊት ነቅሎ እንደሚያርስ ስለምናውቅም ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከራሳችን አገር ልጆች የመጣ ነው፦ «ጣና የጎንደርና የባሕር ዳር ነው፤ የሞጣና የቢቸና ውኃ ወደ ጣና አይፈስም፣ እኛ ምን አገባን?» በካርታ ሲታይ እውነት ነው። ከጮቄ የሚነሱት ሙጋና ሱሃ፣ የእኛዎቹ ወንዞች ሁሉ፣ የሚወርዱት ጣናን ካለፈ በኋላ ጎጃምን ከቦ ወደሚሄደው አባይ ነው። ግን ካርታውን ወደ ታች እንከተለው። ያ አባይ ከጣና ወጥቶ፣ በጢስ አባይ በኩል ወርዶ፣ በሞጣ በኩል በሰባራ ድልድይ ሥር አልፎ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ሕዳሴ ግድብ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ አዲስ ሐይቅ ፈጥሯል። እምቦጭ ሥሩ መሬት አይይዝም፤ የተቆረጠ ቁራጩ ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ በደረሰበት ይራባል። በሱዳን ነጭ አባይን ከያዘ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከላይ ከጣና ዘሩ ሊወርድ ይችላል፤ ከጎን ደግሞ ምግቡን የምናቀርበው እኛ ነን፣ ከእነማይ የጤፍ ማሳ በሐምሌ ታጥቦ የሚሄደው ጥቁር አፈር ከነማዳበሪያው የሚያርፈው እዚያው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቦንድ ገዝቶለታል። የሞጣና የቢቸና ልጅ የጣና ጉዳይ የማያገባው ከሆነ የግድቡ ጉዳይስ?

ደግሞ ይህን «የሩቅ ጉዳይ» የሚለውን ቃል እኛ የሞጣ ልጆች ልንናገረው አይገባም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም መስጂዶቻችን ሲቃጠሉ፣ ሞጣን በካርታ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ከአዲስ አበባም ከጅማም ከውጭ አገርም ገንዘባቸውን አዋጥተዋል። የሞጣ ነገር ለሞጣ ነው አላሉም።

ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲው ጓደኞቻችን የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ለምን አረሙን ወደ ጥቅም አንለውጠውም? ባዮጋዝ፣ ኮምፖስት፣ ከሰል፣ ቅርጫት?» በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ይህ አይጠፋም። አንቃወምም፤ የተነቀለው ከሚበሰብስ ጋዝ ቢሆን ይሻላል። አንድ ፍርሃት ግን አለን። አረሙን ገንዘብ ካደረግነው የሚነቅለው ሰው እንዲያልቅ አይፈልግም። ገበያ የወደደው ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ አረሙ ሲያልቅ ፋብሪካው በምን ይሠራል የሚለውን አስቀድሞ መመለስ አለበት፤ በላም እበት ወይም በሌላ ጥሬ ዕቃ መሥራት የማይችል ከሆነ ባይጀመር እንመርጣለን።

ከሁሉ ይልቅ የምንከራከርበት የጥንዚዛው ጉዳይ ነው። እምቦጭ በአገሩ በአማዞን ወንዝ እንዲህ የማያስቸግረው የሚበሉት ጠላቶች ስላሉት ነው፤ ከነሱ ዋናዎቹ ኒዮኬቲና የሚባሉ ትንንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለቀቀቻቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በዚያው ዘመን የነበረው የኤልኒኞ ማዕበልም ረድቷቸው፣ አብዛኛው አረም ሰጠመ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ በኬንያ በኩል በኪሱሙ ባሕረ ሰላጤ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተመልሷል። በአገራችንም ጥንዚዛዎቹ ለጥናት ገብተው በስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል። ጣና ላይ እንልቀቅ ሲባል የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። እዚያው ቪክቶሪያ ላይ ለጥቅም ተብሎ የገባው የናይል ፐርች ዓሣ የሐይቁን ትንንሽ ዓሣዎች እንዳጠፋ ያነበበ ሰው ቢጠራጠር ትክክል ነው። ዚብራ መስልም አንዴ ከገባች «ተመለሽ» አትባልም። ልዩነቱ ጥንዚዛዎቹ በብዙ አገሮች ተፈትነው ከእምቦጭ ውጭ ሌላ ተክል ላይ የማይራቡ መሆናቸው ነው። እኛ የምናደላው ወደ መሞከር ነው፤ በተከለለ ቦታ፣ በጥናት፣ በየወሩ እየተቆጠረ። በእኛ መካከልም በዚህ አልተስማማንም፤ ሁለታችን እስከ ዛሬ እንቃወማለን። የባዮሎጂ ተማሪዎች ወንድሞችና እህቶች መልስ ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ያም ሆነ ይህ ጥንዚዛው ቅጠሉን ይበላል እንጂ ማዳበሪያውን አይበላም። ፎስፈረሱ እስካለ አንዱ አረም ቢሄድ ሌላው ይመጣል።

እና ጀማዓው ምን ያድርግ? ባለፉት ዓመታት በክልላችን ሰላም በመጥፋቱ ምክንያት ብዙ ነገር ተስተጓጉሏል፤ ወደ ዳርቻው መሄድ ያልተቻለበት ጊዜም ነበር። አሁንም መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እንጂ በግድ ሂዱ አንልም። ሲቻል ግን ለሁሉም ቦታ ሳይሆን ለአንዲት ቦታ እንሂድ፤ መቶ ሜትር ዳርቻ ትሁን፤ በየሃምሳ ቀኑ ሳይሆን በየወሩ፣ በፈረቃ፣ ሃያ ሃያ ሆነን። ፈርድ ኪፋያ ሁሉም አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድበት አይደለም፤ ጥቂቶች ተሸክመውት የሌላውን ወንጀል የሚያወርዱበት ነው። የሲቪል ተማሪዎች የአንድ ሰፈር ፍሳሽ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በካርታ ይሥሩ፤ ይህ ፈቃድና የእግር ጉዞ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። የነገደ ወይጦ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና ቡድን ከሐላቃው ውስጥ ይውጣ፤ ለነሱ ውለታ እየዋልን መስሎን እንዳንሄድ ብቻ። ስለ ደንገል ከማንኛችን በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ደንገሉ ተመልሶ ይተከል ቢባል የት እንደነበረና እንዴት እንደሚያዝ የሚነግሩን የነሱ አባቶች ናቸው። ዘካችንና ሰደቃችን ለእነዚህ ቤቶች ደርሶ ያውቃል ወይ የሚለውን ደግሞ የጀማዓው ገንዘብ ያዥ ይንገረን።

ለሚቀጥለው ጉዞ የምትመዘገቡ ቦት ጫማና ጓንት ከየራሳችሁ ያዙ፤ ቲሸርት አይታተምም፣ ያ ብር ለመኪና ኪራይ ይሄዳል። የተነቀለው ከውኃው ቢያንስ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ወጥቶ ተበትኖ ይደርቃል እንጂ ጠርዝ ላይ አይከመርም። አውቶቡስ ከመሳፈራችን በፊት ደግሞ ሁላችንም ጫማችንን፣ አካፋውንና መረቡን እዚያው ሐይቁ ዳር በደንብ እናጥባለን። ዘሩ ከሰሊጥ ፍሬም ያነሰ ነው፤ በጭቃ ተጣብቆ ሞጣ መድረስ አያቅተውም።